የአሽቀሎን ሲንጀሮች

«አልቴ ዛኸን! አልቴ ዛኸን!» እያለ በድምፅ ማጉያ የሚጣራው የአሮጌ ዕቃ ገዢ መኪና በእስራኤል አሽቀሎን ከተማ ሚግዳል ሰፈር ሲገባ፣ ከየሕንፃው ሥር ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ የተሰበረ ብስክሌት ይወጣል። ገዢው ሁሉንም የሚያየው በብረትነቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች የሟች አያታቸውን ሲንጀር የስፌት መኪና ከሦስተኛ ፎቅ አወረዱ። ጥቁር ነው፤ ወርቃማ ጌጡ ግማሽ በግማሽ ጠፍቷል፤ የብረት እግሩ ግን ሙሉ ነው። መኪናው ላይ ሊጭኑት ሲሉ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ተሻገረ። ስድሳዎቹን የተሻገረ የጎንደር ሰው ነው። መዘውሩን በመዳፉ ይዞ ሊያዞረው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። የስፌት መኪናውን ራስ ወደ ኋላ አጋድሞ ሆዱን አየ፣ ጣቱን ሰዶ ውስጡን ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ዋጋ ጠየቀ።

ከጎኑ የቆመች የሰፈር ሴት አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ደርቆ ቀርቷል። ምን ያደርግልዎታል?»

«አልሞተም፣ እኅቴ። ዘይቱ ነው የደረቀበት።»

ልክ ነበር። አሮጌ የስፌት መኪና «ነክሷል» ሲባል ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም። መኪናው ከወፍራም ብረት የተሠራ ነው፤ ውስጡም ፕላስቲክ አያውቅም። የሚያቆመው አጉል ዘይት ነው። ቤት ውስጥ የስፌት ዘይት ሲያልቅ ሰው የምግብ ዘይት ያንጠባጥብበታል። የምግብ ዘይት ደግሞ እያደር ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል። ትክክለኛው ዘይት እንኳ ሠላሳና አርባ ዓመት ሳይነካ ከቆየ፣ ከጨርቅ ብናኝ ጋር ተላቁጦ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ብረቱ ያልጎደለበት መኪና በዚህ ሙጫ ብቻ ተይዞ ለቁራሌ ይሸጣል።

የማስነሣቱ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ሰፊው በመጀመሪያ ከላይም ከታችም ያሉትን የዘይት ቀዳዳዎች እየፈለገ በእያንዳንዳቸው ጥቂት የነጭ ጋዝ ጠብታ ያስገባና ያሳድረዋል። በማግስቱ በፀጉር ማድረቂያ ያሞቀዋል፤ ሙጫው ሲሞቅ ይለቃል። ከዚያ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ፣ በጣም በትንሹ፣ ያወዛውዘዋል። እምቢ ካለ ተወት አድርጎት ሌላ ሥራ ይይዛል። በፒንሳ መያዝ፣ በመዶሻ መምታት እሱ ዘንድ ነውር ነው። መዘውሩ አንድ ሙሉ ዙር የዞረ ዕለት ነጭ ጋዙ በጨርቅ ይጠረግና ንጹሕ፣ ውኃ የመሰለ የስፌት መኪና ዘይት ይገባበታል። ነጭ ጋዝ ያሟሟል እንጂ አያለሰልስም። እሱን አስገብተው ዘይቱን ሳይከተሉ የሰፉበት ሰዎች ብረቱን ከብረት ጋር አፋጭተው ይጨርሱታል።

ሌላው የተለመደ በሽታ መርፌው ከሚወርድበት ሥፍራ ግርጌ ነው። ጨርቅ የሚገፉትን ጥርሶች የሸፈነው ሳህን ሲነሣ ለዓመታት የተጠቀጠቀ ብናኝ ይገኛል፤ በጥፍር አይወጣም፣ በመርፌ ይፈለፈላል። አንዲት ቁራጭ ክር ከመንጠቆው ኋላ ገብታ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ያቆመችበት ጊዜም ብዙ ነው።

ቡሎኖቹን በተመለከተ ሰፊው የማይሽረው ሕግ አለው። የተፈታ ቡሎን ሁሉ በእንቁላል ካርቶን ጎድጓዳዎች ውስጥ በተራው ይቀመጣል፤ ካርቶኑ ላይም የትኛው ከየት እንደወጣ ይጻፋል። ምክንያት አለው። ሲንጀር ኩባንያ የቡሎኖቹን ጥርስ በራሱ ልክ ነበር የሚያወጣው፤ ስለዚህ አንዱ ቢጠፋ የብረታ ብረት ሱቅ ሄዶ የሚገጥም ማግኘት አይቻልም። ካቻቢቴውም ከቡሎኑ ራስ ስንጥቅ ጋር በልኩ የሚገጥም መሆን አለበት። ሰፊ የሆነውን በሞረድ አሳንሶታል፤ ቀጭኑን ደግሞ አይነካውም፣ የቡሎኑን ራስ ይበላዋልና።

መልኩን ማጽዳት ሌላ ጥንቃቄ ነው። ጥቁሩ ቀለም በእሳት የተጋገረ ቫርኒሽ ነው፤ ብዙ ነገር ይችላል። ወርቃማው ጌጥ ግን እላዩ ላይ የተለጠፈ ስስ ሥዕል ሲሆን፣ በላዩ ያለው መሸፈኛ አልኮል ሲነካው ይሟሟል። በአልኮልና በጠንካራ የመስታወት ማጽጃ የተጠረገ ሲንጀር ወርቁ ወደ ብርነት ይለወጣል ወይም ከነጭራሹ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። የሚበጀው ያንኑ የስፌት ዘይት በጥጥ ነክሮ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። አሽቀሎን ላይ ደግሞ ባሕሩ አለ። የሜዲትራንያን ጨዋማ አየር በረንዳ ላይ የተቀመጠ መኪናን በአንድ ክረምት ያዝገዋል። ሰፊው የሚያብረቀርቁትን ክፍሎች ሁሉ ማታ ማታ ዘይት በነካው ጨርቅ ሳያብስ አይዘጋም።

ሰው ሁሉ የስፌት መኪናን ስም ያውቀዋል፣ የሚሠራውን ተአምር ግን ጥቂት ሰው ነው አስተውሎ የሚያየው። የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጭራው በኩል ነው፤ የመኪና መርፌ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ነው። መርፌው ጨርቁን ወግቶ ወርዶ ጥቂት ወደ ላይ ሲመለስ፣ ክሩ ከጨርቁ በታች ትንሽ ዐይን ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከታች የሚዞረው መንጠቆ ዐይኗን ይይዝና የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፋታል። ላይኛው ክር ሲሳብ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋሉ። መንጠቆው ጥቂት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ዐይኗ ታመልጠዋለች፣ ስፌቱም ይዘላል። ሰፊው አንድ መኪና «ይዘላል» ብለው ሲያመጡለት ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ መርፌ ያስገባል፤ ከዚያ መርፌው በትክክል ዞሮ መግባቱን ያያል። ክር የሚገባው በመርፌው ረጅም ቦይ በኩል ነው። አብዛኛው «ብልሽት» እዚህ ላይ ያበቃል።

ይህን ነገር አንድ ሰው ብቻ አልፈጠረውም። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ቲሞኒዬ በፈረንጆቹ 1830 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ፓሪስ ውስጥ 80 መኪናዎች ተክሎ የወታደር ልብስ መስፋት ሲጀምር፣ እንጀራችን ሊቀር ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች በ1831 ገብተው ሰባበሩበት። አሜሪካዊው ኢሊያስ ሃው በ1846 ቀዳዳው ጫፉ ላይ ያለ መርፌንና የሁለቱን ክሮች ቁልፍልፍ አስመዘገበ። አይዛክ ሜሪት ሲንጀር በ1851 የራሱን አሻሽሎ መጣ፤ ከሃው ጋር ተካሶም ተሸነፈና ከፈለ። የሲንጀር ኩባንያን ስም ለዓለም ያስለመደው ግን ብረቱ ብቻ አይመስለኝም። ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ብር መሸጥ መጀመሩ ነው፤ ጠቅላላ ዋጋውን አንድ ጊዜ ማውጣት የማትችል ሴት ቤቷ ውስጥ አስገብታ እየሰፋች ዕዳዋን ከፈለች።

የሲንጀር ራስ ቀኝ ግርጌ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው። ፊደል የሌለው ቁጥር ከ1900 በፊት የተሠራ መሆኑን ይናገራል። በ«ጂ» የሚጀምረው አሜሪካ ኒው ጀርሲ ኤልዛቤት ከሚባለው ፋብሪካ፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ጀርመን ቪተንበርገ፣ በ«ኤፍ» የሚጀምረው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ተሠርቷል። የክላይድባንኩ ፋብሪካ በ1885 ተከፍቶ በ1913 በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ያወጣ ነበር፤ በ1980 ተዘጋ። እዚያ ያለው የባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ «ሲንጀር» ነው የሚባለው።

አሽቀሎን ውስጥ ይህን ቁጥር እያነበቡ መዞር የከተማዋን ታሪክ እንደማንበብ ነው። ከሮማንያና ከፖላንድ የመጡ ቤተሰቦች የጀርመን ሥራ የሆኑትን፣ ፋፍ የሚባለውን ጭምር፣ አምጥተዋል። ከሞሮኮና ከቱኒዝያ የመጡት የእጅ መዘውር ያለውን ትንሹን ሲንጀር በሻንጣ መካከል ሸሽገው አሻግረዋል። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጡት ዕቃቸውን በመርከብ ሲያስጭኑ ከፖዶልስክ ፋብሪካ የወጡትን ቻይካዎች አብረው ጫኑ። ፖዶልስክም በ1902 በሲንጀር የተከፈተ ነው፤ አብዮቱ ወረሰው።

ከኢትዮጵያ የመጣነው ግን ምንም አላመጣንም። በ1984 መጨረሻ እና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የወጡት በእግራቸው ነበር የተጓዙት፤ ልጅ እንጂ ብረት የሚሸከም ትከሻ አልነበረም። በፈረንጆቹ ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሣ፣ ለሰው ቦታ እንዲበቃ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ጭምር ተነቅለው ነበር፤ ዕቃ ይዞ መሳፈር አይታሰብም። የሲንጀር ራስ ደግሞ ብቻውን አሥር ኪሎ ይበልጣል። ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው መኪናውን ለጎረቤት ሸጦ፣ ወይም አደራ ብሎ፣ ወይም በረንዳው ላይ ትቶ ነው የተሳፈረው። ወደ እስራኤል ሲደርስ ቋንቋ እስኪማር ፋብሪካ ጠረገ፣ ዕቃ ተሸከመ፤ እጁ የሚያውቀውን የጠየቀው አልነበረም። ይህ ይቆጨኛል። ሙያ የሌለው ሕዝብ ተደርገን ተቆጥረናል፤ እኛ ግን በዕደ ጥበብ የኖርን ነን።

ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራ ርስት ተነፍጎ ስለኖረ በእጁ ሥራ ነበር የሚያድረው። ወንዱ ሸማኔና አንጥረኛ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ። ወለቃ ያለውን የሸክላ ሥራ የጎንደር መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራችንን እየገዛ እኛን «ቡዳ» እያለ የሚፈራን ጎረቤትም ነበር። ልብስ ሰፊነት በእነዚህ ላይ የመጣ አዲስ ሙያ ነው፤ ጣሊያን የሠራቸው የጎንደር ፒያሳ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ፣ በየገበያውም የእግር ሲንጀር ተደርድሮ ሱሪ ሲጠበብ፣ እጀ ጠባብ ሲሰፋ፣ ቀሚስ ሲጠለፍ ይዋል ነበር።

ለሸማኔ ልጅ ደግሞ አሽቀሎን ባዕድ ከተማ አይደለችም። ሰፊው የሚሠራበት ሚግዳል ሰፈር ከ1948 ጦርነት በፊት አል መጅደል የሚባል የዐረቦች ከተማ ነበረ፤ በመላው ፍልስጤም የታወቀውም በሽመናው ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የእጅ መሸመኛዎች ነበሩበት፤ በኒል የተነከረው ጨርቁ ለገበሬ ሴቶች ቀሚስ የሚፈለግ ነበር። ነዋሪዎቹ በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1950 ወደ ጋዛ እንዲወጡ ሆኑ፤ ሸማኔዎቹም መሸመኛቸውን እዚያ ተክለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያም ራቅ ብሎ፣ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ሶምሶን የእንቆቅልሽ ዕዳውን ለመክፈል ወደ አስቀሎና ወርዶ ሠላሳ ሰው ገድሎ የገፈፈው ልብስ ነበረ። የዚህች ከተማ ስም ከጨርቅ ጋር የተሳሰረው ከጥንት ነው። ለሸማኔ ሸማኔ ያዝናል፤ እኔም ያንን ሰፈር ሳልፍ የተነቀሉትን መሸመኛዎች አስባቸዋለሁ።

ሰፊው ያስነሣው መኪና ለጌጥ አይደለም፤ ይሰፋበታል። ኤሌክትሪክ ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች አሉት፤ ዚግዛግም ኦቨርሎክም ይሠራል። የሐበሻ ልብስ ሲመጣ ግን ወደ እግር ሲንጀሩ ይዞራል። ምክንያቱን ሲያሳየኝ ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀመጠ። የዚግዛግ መኪና መርፌው ግራና ቀኝ ስለሚወዛወዝ ሳህኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ የተሸመነ ሸማ ሳሳ ያለና ልል ስለሆነ፣ በተለይ ስፌቱ ሲጀመር፣ መርፌው ይዞት ወደዚያ ሰፊ ቀዳዳ ይገባል፤ መኪናው ሸማውን ይበላዋል። ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሰፋው አሮጌው ሲንጀር ቀዳዳው መርፌውን ብቻ የምታሳልፍ ስለሆነች ጨርቁ ተደግፎ ይቆያል። ለዚህ መርፌው ቀጭን መሆን አለበት፣ 70 ወይም 80 ቁጥር፤ የላይኛው ክር ውጥረትም ላላ ይላል።

ጥበቡን ከቀሚሱ ጋር ሲያያይዝ ሌላ ችግር አለ። ጥበቡ ደረቅ ነው፣ ሸማው ለስላሳ፤ ጥርሶቹ የታችኛውን ሲገፉ የላይኛው ይቀራል፣ መጨረሻው ላይ ይጨማደዳል። ሰፊው ከመኪናው ራስ አናት ያለውን ቡሎን ጥቂት አላልቶ እግሩ ጨርቁን የሚጫንበትን ኃይል ይቀንሳል። በእግር የሚሠራ መኪና አንዲት ስፌት ብቻ ሰፍቶ መቆም ይችላል፤ ማዕዘን ላይ ሲደርስ በመዘውሩ ላይ እጁን አሳርፎ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አስቀርቶ ያዞራል። የኤሌክትሪክ ፔዳል ላይ ይህን ልክ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል።

ለጥልፍ ደግሞ ጨርቅ የሚጫነውን እግር ፈትቶ ያወጣዋል፣ ጥርሶቹንም በስስ ሳህን ይሸፍናቸዋል። ጨርቁ በክብ እንጨት ተወጥሮ በሁለት እጁ ይያዛል። ያኔ ጨርቁን የሚገፋው ብረት የለም፤ የመስቀሉን፣ የአበባውን፣ የዳዊት ኮከቡን መስመር የሚያወጣው እጁ ነው፤ እግሩ ፍጥነቱን ብቻ ይሰጣል። እጅና እግር ካልተስማሙ ክሩ ይበጠሳል። ይህን ሥራ እያየሁ ይህን ሙያ ለያዘ ሰው እንደምን መጥረጊያ ይሰጠዋል እያልኩ ተናድጃለሁ።

ሥራው የሚበዛው ለቤተ እስራኤል በዓል ለስግድ ነው። ስግድ ከይቅርታው ቀን ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን፣ በዕብራውያኑ ወር ሔሽቫን 29 ላይ ይውላል፤ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 የአገር በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ቄሶች ጥላ ተዘርግቶላቸው ኦሪቱ ሲነበብ ሕዝቡ በነጭ ልብስ ይቆማል፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣውም ብዙ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት የሰፊው ሱቅ በነጠላና በቀሚስ ይሞላል፤ እናት የራሷን ቀሚስ ለልጇ ታስጠብባለች። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን መኪናው ይሸፈናል። መስፋት በሰንበት ከተከለከሉት 39 ሥራዎች አንዱ ነው፤ ቤተ እስራኤል ሰንበትን የሚያከብረው ደግሞ ድሮም በጥብቅ ነው። ሌላው የሚያስቆመው ሳይረን ነው። ከተማዋ ከጋዛ ሰርጥ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ የእግሩ መኪና ሥራውን አያቋርጥም።

ሰብሳቢዎችም ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ትንሿን የ1933 ሞዴል 221 ሲንጀር ይፈልጋሉ፤ ቀላል ናት፣ በሻንጣ ትያዛለች፣ ዋጋዋም ውድ ነው። ሌሎች ስፊንክስ የተሣለበትን ይፈልጋሉ። እኔ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ሞዴል 15 ወይም 66 ነው። በብዛት ስለተሠሩ ርካሽ ናቸው፣ መርፌያቸውም ዛሬ ከማንኛውም የስፌት ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ተራው የቤት መኪና መርፌ ነው። ረጅም መወርወሪያ የያዙት ጥንታዊዎቹ ደስ ይላሉ፣ ግን አንዳንዶቹ ቦቢናቸው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል። ሞተር ያለውን የሚገዛ ሽቦውን ሳያይ እንዳይሰካ። የድሮ ሽቦ ሽፋኑ ጎማ ነው፤ ደርቆ ይፈረፈራል፣ ውስጡ ገላጣ ይወጣል። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእስራኤል ግድግዳ 230 ቮልት ያቀብለዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ራሱ ተጥሎ እግሩ ብቻ ጠረጴዛ የሚሆነው ነው። በየካፌው እብነ በረድ ተጭኖባቸው የቆሙ የሲንጀር እግሮች አይቻለሁ። የብረቱ ጌጥ ያምራል፤ ሰው ወዶታል፤ ልክም ነው። ይሁንና አንድ እግር ጠረጴዛ በሆነ ቁጥር አንድ ራስ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፤ በዚያ ራስ ላይ ልብስ መስፋት የሚችል ሰውም ከተማው ውስጥ አለ።

ሰፊው ጋር የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ አሽቀሎን የተወለደች፣ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቀላቀለ። ከሁሉ በፊት የሰጣት ክር ሳይሆን ቺንጊያ ነው። ለእግር መኪናው የሚሆነው ክብ ቆዳ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በልክ ተቆርጦ በብረት ቅንጥብ ይያያዛል። ከጠበቀ እግሩ ይከብዳል፣ ከላላ ይንሸራተታል። ለጥቂት ጊዜ ያለ መርፌና ያለ ክር ወረቀት ላይ እንድትረግጥ አደረጋት፤ መዘውሩ ወደ ኋላ እንዳይዞር እግሯ እስኪለምድ። ከዚያ መኪናውን አስፈታት። መዘውሩ ላይ ያለችውን ጆሮ ያላት ቀለበት ስትመልሳት ገልብጣ ካስገባች መዘውሩ ቦቢን ሲጠቀልል መርፌውን ጭምር ያንቀሳቅሰዋል፤ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ ማስገባት ነው መፍትሔው። ልጅቷ ይህን ብቻዋን ደረሰችበት።

«አሁን ሰፊ ሆንሽ» አላት።

መለዋወጫ የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ አሁን ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ ነው። ሞዴል 15ን ጃፓንም ቻይናም በብዛት ስለቀዱት፣ በአዲስ አበባ መርካቶና በጎንደር ገበያ የሚሸጡት የቻይና ቢራቢሮ መኪና ቦቢን ቤቶች፣ ጥርሶችና ሳህኖች ከስኮትላንድ የመጣው ሲንጀር ላይ ይገጥማሉ። ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት የሚሄድ የሰፈር ሰው ሁሉ ከሰፊው አንድ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሣለ ቦቢን ቤት አለ፣ ከሥሩም «ከመክፈልህ በፊት ቦቢኑን አስገብተህ ክሩን ሳበው፤ እኩል ካልወጣ አትግዛ» ተብሎ ተጽፏል።